መጤ አይበሉት

ጉዳዩ ወዲህ ነው። እንቁጣጣሽ በዋለ በአራተኛው ቀን ልጄ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሶደሬ ሊወርድ ሲነሣ «አባባም ወገባቸውን ፍል ውኃ ያስመቱ» ተባለና፣ የመኪናውን የኋላ ወንበር አንድ ጥግ ይዤ አብሬ ወረድኩ። ሶደሬ ከአዳማ፣ ማለትም የእኔ ዘመን ሰው ምላስ ዛሬም ናዝሬት ከሚላት ከተማ፣ በደቡብ ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከአዋሽ ዳር ተቀምጣለች። በአንድ በኩል ከመሬት ሆድ ፍል ውኃ ይወጣል፤ በሌላ በኩል ደፍራሹ አዋሽ ይፈስሳል፤ ከዛፎቹ ላይ ጦጣዎች የሰውን እጅና የሰውን ምሳ ይጠባበቃሉ።

እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሳለሁ የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ ከመንገዱ ዳር እየሮጠች መጣች። በሁለት እጇ እቅፍ ሙሉ ነጭ አበባ ይዛለች።

«አባባ፣ ነጭ አደይ አገኘሁ!»

አየሁት። ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል የተተለተለ፣ አበባው ጥቃቅን፣ ነጭና ብዙ ነው። ደስ ይላል። በመስከረም አበባ ይዞ ለመጣ ልጅ «አደይ ቢጫ ነው» ብሎ ደስታውን መስበር ከአያት አይጠበቅምና «ያምራል፣ የእኔ እናት» ብዬ ዝም አልኩ። የሃይላንድ ጠርሙስ ተፈልጎ፣ ውኃ ተሞልቶበት፣ አበባው ተሰካ።

ከእኛ ብዙም ሳይርቅ አንድ ሃምሳውን ያለፈ ሰው ሁለት እጁን በፌስታል ጠቅልሎ ያንኑ አበባ ከነሥሩ እየነቀለ ይከምር ነበር። ቀና ብሎ አየንና ቀረበ።

«ልጅቷ ባትይዘው ይሻላል፣ ጋሼ። ያሳክካል።»

«ለመሆኑ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ቅንጬ አረም ነው። በኦሮምኛ ፋራምሲሳ ይሉታል።»

ስሙን በራዲዮ ሰምቼው ነበር፤ መልኩን ግን አላውቀውም ነበር። ስሙን ማወቄ ብቻ አዋቂ ያደረገኝ መሰለኝና «አሃ! ያ መጤ ወራሪ የሚባለው! ድሮስ መጤ ነገር መቼ በጅቶ ያውቃል!» አልኩ።

ሰውዬው አልተቆጣም። ፌስታሉን ከአንድ እጁ አወለቀና ላቡን ጠረገ።

«መጤ አይበሉት፣ ጋሼ። ክፉ ይበሉት።»

ከዚያም ያለ አንዳች ምሬት፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚናገር ሁሉ፣ አባቱ ከከምባታ ለሸንኮራ ቆረጣ ወንጂ እንደ መጡ፣ እርሱ እዚያው እንደ ተወለደ፣ እትብቱም እዚያው እንደ ተቀበረ፣ ሰፈር ውስጥ ጠብ በተነሣ ቁጥር ግን የሚወረወርበት የመጀመሪያው ድንጋይ «መጤ» የሚለው ቃል እንደ ሆነ ነገረኝ። «የሠራሁትን ቢነግሩኝ እመልሳለሁ፤ መጤ ሲሉኝ ግን ምን ብዬ ልመልስ?» አለና ወደ ነቀላው ተመለሰ። እኔ አፈርኩ። አበባውን ከልጅቷ ተቀብዬ ከክምሩ ላይ ጣልኩት፤ እርሷም አለቀሰች፤ እጇን በሳሙና አስታጠብናት። የዕለቱ ነገር በዚህ አለቀ፤ የሰውዬው ጥያቄ ግን እኔን ተከትሎ አዲስ አበባ ገባ።

ውድ አንባቢ፣ ጥያቄው ቀላል ይመስላል። አንድን ነገር «ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅና «ምን ሠራ?» ብሎ መጠየቅ አንድ ናቸው ወይ? የመጀመሪያው መልስ ለሁለተኛው ማስረጃ ይሆናል ወይ?

ነገር ግን ማንም ሰው ተከሶ ከመፈረዱ በፊት በእርግጥ ያ ሰው እርሱ መሆኑ መጣራት አለበት። እኔ የፈረድኩት መልኩን ሳላውቅ ነበር። ስለዚህ አስቀድሜ ማወቅ ይገባኝ ነበር፤ ለማወቅ የሚረዳኝንም ነገር ሳላስበው ይዤው መጥቼ ኖሯል። ከተመለስን በኋላ መኪናው ሲጠረግ ከኋላው ወንበር ሥር አንዲት የደረቀች የዚያ አበባ ቅርንጫፍ ተገኘች። ከነጭ ወረቀት ላይ አራገፍኳት። ከየራሱ ጥቋቁር፣ ከጤፍ ቅንጣት ጥቂት ከፍ የሚሉ ዘሮች ረገፉ።

በአጉሊ መነጽር ሲታይ ነገሩ ይገርማል። እኛ «አንድ አበባ» የምንለው በእውነቱ የብዙ አበቦች ማኅበር ነው። ይህ የጠቅላላው ቤተሰብ ጠባይ ሲሆን፣ ቤተሰቡም የፈረንጅ ሱፍ ቤተሰብ ነው። ቅንጬ አረም አምስት ማዕዘን ባላት ነጭ ራሱ ዙሪያ አምስት ጥቃቅን ምላሶች አሉት፤ ዘር የሚይዙትም እነዚያ አምስቱ ብቻ ናቸው። ከአንድ ራስ አምስት ዘር ነው። «ይህማ ምን አላት!» እንዳይባል፣ አንድ የጠገበ ተክል እስከ 25,000 ዘር ሊሰጥ ይችላል። ሲበቅል መጀመሪያ ቅጠሉን እንደ ምንጣፍ ከመሬት ላይ ያነጥፋል፤ ከዚያ መስመር መስመር ያለው ግንዱን ይሰድዳል፤ ከበቀለ ብዙ ሳምንታት ሳይቆጠሩ ያብባል፤ ዝናብ ካገኘም በዓመት ከአንድ ትውልድ በላይ ይተካል። ሥሩና ቅጠሉ ሌላውን ዘር እንዳይበቅል የሚያግድ ቅመም ወደ መሬት ይለቃሉ። አንዳንድ ሰው ሲነካው ቆዳው ይቆጣል፤ አንዳንዱን ትንፋሽ ያሳጥረዋል፤ ከብት ሲበላው ወተቱ ይመርራል። በእጃቸው የሚያርሙ እናቶችና ልጆች ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

ቤተ ዘመዱንም ፈለግሁ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ዕፅዋት ላይ በእንግሊዝኛ በተዘጋጁት ተከታታይ መጻሕፍት ውስጥ ይህን ቤተሰብ የሚመለከተውን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመውን የአራተኛውን ቅጽ ሁለተኛ ክፍል፣ ያዘጋጁት መስፍን ታደሰ ናቸው። እነማን ናቸው ዘመዶቹ ቢባል፦ በጾም የምንበላው ኑግ፣ ሱፍ፣ የጠላ ጋን የምናጥብበት ግራዋ፣ ጭቁኝ፣ ሰላጣ፣ እንዲሁም አደይ አበባ ራሷ! የልጅ ልጄ «ነጭ አደይ» ስትል ጨርሳ አልተሳሳተችም። የአደይ የሩቅ ዘመድ ነበር። እንግዲህ ከአንድ ቤት ተወልዶ አንዱ ዘይት ይሰጣል፣ አንዱ ዘመን ያበስራል፣ አንዱ እርሻ ያጠፋል። የዘር ሐረግ ምስክርነት በዚህ ላይ ወደቀ። የቀረው የአገር ምስክርነት ነው።

አገሩማ ሩቅ ነው። የተወለደው በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያና በሞቃታማው አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሕንድና በአውስትራሊያ ታየ። ወደ እኛ አገር እንዴት እንደ ገባ ሁለት ነገር ይባላል። አንደኛው ከ1969–70 ዓ.ም. የኦጋዴን ጦርነት ተሽከርካሪዎች ጋር ነው ይላል። ሁለተኛው በረሃቡ ዘመን ከውጭ ከመጣው የዕርዳታ ስንዴ ጋር ተቀላቅሎ ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በድሬዳዋና በሐረርጌ በኩል ከታየ ወዲህ በመንገዱ፣ በባቡሩ ሐዲድ ዳርና በውኃው እየተጓዘ ስምጥ ሸለቆን አዳርሶታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። «መጤ» የሚለው ቃል «መጣ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። መምጣት ደግሞ እግር ላለው፣ ፈቃድም ላለው ነው። ይህ ዘር ግን እግር የለውም፤ እንደ ሌሎቹ ዘመዶቹ በነፋስ የሚንሳፈፍበት ጥጥ እንኳ አልተሰጠውም። እርሱ አልመጣም፣ አመጡት። ያመጡትም ወይ የተራበውን ለማጉረስ ወይ ጦር ለመግጠም የተነሡ ሰዎች ናቸው። ከሶደሬ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ስለ መጤ ክፋት ንግግር ካደረግሁ በኋላ፣ በልጄ መኪና፣ በነጻ!

ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። ለዚህ ተክል ግን ስም ያወጣለት ሁሉ የራሱን ጉዳት ወይም የራሱን ነገር ነው ያወጣበት። ስዊድናዊው ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ፓርቴኒየም ሂስቴሮፎረስ ሲለው ድንግልንና ማሕፀንን የሚያነሡ የግሪክ ቃላትን አጋጥሞ ነው። የእኛ ሰው «ቅንጬ» ያለው፣ ነጫጭ ራሶቹ የተከካ እህል ስለሚመስሉ ሳይሆን አይቀርም፤ በዕርዳታ እህል መጣ ለተባለ አረም የምግብ ስም መውጣቱ ራሱ ያሳዝናል። በሶማልኛ የወጣለት ስም ብቻውን የሚኖር እንደ ማለት ነው፤ ጎረቤት አያስቀምጥምና። የኦሮምኛው «ፋራምሲሳ» ወደ አማርኛ ቢመለስ «አስፈራሚ» ይሆናል፤ መሬትህን ፈርመህ አስረክብ የሚል ማለት ነው። ሕንዶች «የኮንግረስ ሣር» ሲሉት፣ አንዳንዱ ስንዴ የላከውን የአሜሪካ ኮንግረስ፣ አንዳንዱ ነጭ ቆብ የሚደፉትን የኮንግረስ ፓርቲ ሰዎች ለመንካት ነው ይላል። አፋሮችም በሌላው ወራሪ ዛፍ፣ በፕሮሶፒስ ላይ የዘመኑን መንግሥት ስም አውጥተው «ደርጊ ሐራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ ብለውታል። ሰው በሰው ላይ መናገር የፈራውን በቅጠል ላይ ይናገራል። ችግሩ ቃሉ ተመልሶ ሲመጣ ነው፤ ከሰው ወደ ቅጠል የሄደው ቃል ከቅጠል ወደ ሰው ሲመለስ «ይነቀል» የሚለውን አስከትሎ ይመለሳል።

ያ ሰውዬ የሰማው ይህንን ነው። እኔ ስለ አረም ስናገር እርሱ ስለ ራሱ የሰማው ጆሮው ስለ ተሳሳተ አይደለም። በዚህች አገር «መጤ» ተብሎ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ከነልጆቹ መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ታሪክ የተረት ታሪክ አይደለም። ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ እንደ ዘሩ አመጧቸው እንጂ አልመጡም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በሠፈራ ስም ከወሎና ከትግራይ በአውቶቡስና በአውሮፕላን ተጭነው የሄዱትን ማንም «ትሄዳላችሁ ወይ?» ብሎ አጥብቆ አልጠየቃቸውም።

እስቲ ደግሞ ወደ ማዕዳችን እንመለስ። መጤ የማይበጅ ከሆነ በርበሬ ምን ሊሆን ነው? በቆሎስ? ሁለቱም የሜክሲኮ ልጆች ናቸው፤ የቅንጬ አረም የአገር ሰዎች! ያለ በርበሬ ዶሮ ወጥ፣ ያለ በቆሎ የክረምት እሸት ምን ይመስላል? ወንጂን ያቆመው ሸንኮራም የእስያ ነው። ድንችን ጀርመናዊው ሺምፐር በ19ኛው መቶ ዓመት እንዳስገባው ይነገራል። በምኒልክ ዘመን የገባው የአውስትራሊያ ዛፍ አዲስ አበባን ከመነቀል አድኗታል። የእኛ ቡና ደግሞ በተራው ባሕር ተሻግሮ ሜክሲኮ ድረስ ሄዷል፤ እዚያ መጤው እርሱ ነው። ከአፍሪካ የወጡ የግጦሽ ሣሮችም በአውስትራሊያ በረሃ አረም ተብለው ይነቀላሉ።

አባቶቻችን እንግዳውን ተክል እንዴት እንደ ጠሩት ማስተዋል ደግ ነው። ዛፉን «ባሕር ዛፍ» አሉት። በቆሎንም «የባሕር ማሽላ» አሉት። ከባሕር ማዶ መምጣቱን አልደበቁም፤ ፍርድም አልጨመሩበትም። ቃሉ አገሩን ይናገራል እንጂ ወንጀሉን አይናገርም። ባሕር ዛፍ መሬት ያደርቃል ብሎ መክሰስ ይቻላል፤ ብዙዎችም ይከስሱታል፤ ግን የሚከሰሰው በሚጠጣው ውኃ ነው፣ በተሻገረው ባሕር አይደለም።

በሌላ በኩል የአገሩ ልጅ ሁሉ ደግ ነው ወይ? የማሽላ ገበሬን ሄደው ይጠይቁት። አቀንጭራ የሚባለው፣ በሐምራዊ አበባው የሚያምረው፣ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ደሙን የሚመጥጠው ተክል ከየትም አልመጣም፤ የዚሁ የእኛ የአፍሪካ አፈር ተወላጅ ነው። ስንቱን ማሳ ባዶ ያስቀረ የአገር ልጅ ነው። ማንም ግን «አቀንጭራ ተወላጅ ስለ ሆነ ይተው» አላለም።

አሁን አንድ ጠንቃቃ አንባቢ ሊያቋርጠኝ ይችላል። «የዕፅዋት ሊቃውንት እኮ 'መጤ' የሚሉት በጥላቻ አይደለም፤ ምክንያት አላቸው» ሊለኝ ይችላል። እውነቱን ነው። ይህን ክርክር ሸሽቼ ማለፍ አልፈልግም፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

ቅንጬ አረም በተወለደበት አገር እንዲህ አልነበረም። እዚያ ቅጠሉን የሚበላ ጥንዚዛ፣ ግንዱን የሚሰረስር ነቀዝ፣ የሚያመነምነው ሻጋታ፣ አብሮት ያደገና የሚጋፋው ሣር አለ። ልክ የሚያስገቡት ብዙ ናቸው። ወደ እኛ ሲመጣ ግን ዘሩ ብቻ መጣ፤ ልክ የሚያስገቡት እዚያው ቀሩ። ስለዚህ ለተክል መጤነት ትርጉም አለው፤ ልጓሙን ጥሎ መምጣቱ ማለት ነው። መሬቱም አለበት። በደንብ ሣር በለበሰ መስክ ላይ ቅንጬ አረም በቀላሉ አይሰለጥንም፤ የሚወድደው የተጋጠ ግጦሽ፣ የተቆፈረ የመንገድ ዳር፣ ባዶ የቀረ ማሳ ነው። እኛ ካራቆትነው ላይ ነው የሚለብሰው።

ሰውስ? የሰው ልጓም ከውጭ ብቻ አይደለም። ሰው ከከምባታ ወንጂ ሲወርድ ልጓሙን ከምባታ ጥሎ አይመጣም። ይሉኝታውን፣ ፈሪሃ እግዚአብሔሩን፣ እናቱ ያስተማረችውን ይዞ ይመጣል። በሄደበትም ሌላ ይጨመርለታል፦ ቋንቋ ይለምዳል፣ ዕድር ይገባል፣ ክርስትና ያነሣል፣ ያገባል፣ ይዋለዳል፣ የአገሩ ሽማግሌ ይዳኘዋል፣ ሬሳውን ጎረቤት ይቀብርለታል። ቢያጠፋ «አጥፍተሃል» ተብሎ ይጠየቃል፤ መመለስም መካስም ይችላል። ለቅንጬ አረም ሽማግሌ አይላክም። ለዚህ ነው ቃሉ ከአረም ወደ ሰው ሲሻገር ውሸት የሚሆነው። ለተክሉ የጠፋ ልጓምን ያመለክታል፤ ለሰው ግን ያለውን ልጓም ይክዳል። ከክህደትም ሁሉ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም መልስ የማይሰጥበት ክስ ነው። ሰው ሥራውን ማስተካከል ይችላል፤ የተወለደበትን ግን አይችልም።

ይህን ስል የተጎዳውን ወገን አፍ መዝጋቴ እንዳይሆን አሁንም ወደ ወንጂ ልመለስ። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በወንጂ የስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ሲጀምር መሬቱ ባዶ አልነበረም። የጅሌ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች የሚያግጡበት፣ አዋሽን የሚያጠጡበት አገር ነበር። እነርሱ ተነሡ። በኋላ ደግሞ ወደ መተሐራ ሲወረድ ከረዩዎች ተመሳሳይ ዕጣ ደረሳቸው። ይህ በደል እውነት ነው፤ «ሁላችንም እንግዳ ነን» በሚል ለስላሳ ንግግር አይሸፈንም። «አስፈራሚ» የሚለው የአረሙ ስም በዚያ አካባቢ ሲነገር ከአረም በላይ የሚያስታውሰው ነገር ቢኖር አይገርመኝም። ግን ማን ነው የፈረመው? ጀርባው በሸንኮራ ቅጠል የተቆራረጠው የከምባታ፣ የሐድያና የወላይታ የቀን ሠራተኛ ነው? እርሱ ብዕርም አልያዘም። በደሉ ስም፣ ቀንና ማኅተም አለው፤ ከወረቀት ላይ ይገኛል። «መጤ» የሚለው ቃል የሚጎዳው ሠራተኛውን ብቻ አይደለም፤ ጅሌውንም ይጎዳዋል። በዳዩን አስመልጦ በቅርብ ያለውን ድሃ ያስይዘዋልና።

ወንጌሉ ላይ ያለውን የእንክርዳድ ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። ባለቤቱ አገልጋዮቹን እንዳይነቅሉ የከለከላቸው እንክርዳዱን ወድዶት አይደለም፤ ስንዴውን አብረው እንዳይነቅሉ ሠግቶ ነው። በሰው ማሳ ላይ ይህ ሥጋት ምንጊዜም አይወገድም። በጤፍ ማሳ ላይ ግን ገበሬው ይለያል፤ ይለይና ይነቅላል፤ መንቀልም አለበት። ልዩነቱ ርኅራኄ አይደለም፤ ለይቶ ማወቅ ነው።

ለይቶ ማወቅ እንዴት ያለ ሥራ እንደ ሆነ የሚያሳይ አንድ ነገር ከአዳማ ማዶ ተፈጽሟል። እ.ኤ.አ. በ2016 ወለንጪቲ ላይ አንድ ትንሽ ጥንዚዛ ተለቀቀ። ዚጎግራማ ይባላል፤ የቅንጬ አረምን ቅጠል ይበላል፤ የመጣውም ከዚያው ከሜክሲኮ ነው። መጤውን የሚያስታግሠው ሌላ መጤ ሆነ ማለት ነው! ታዲያ ዝም ብሎ አልተለቀቀም። ተመራማሪዎች ለብዙ ጊዜ በዝግ ቤት አስቀምጠው የእኛን ተክሎች፣ በተለይም የአረሙ ሥጋ ዘመድ የሆነውን ኑግን፣ እያቀረቡ ፈተኑት። የጠየቁት «ከየት መጣህ?» ብለው አልነበረም፤ ያንንማ ያውቁታል። የጠየቁት «ምን ትበላለህ? ኑጋችንንስ ትነካለህ?» ብለው ነው። ለአንዲት ጥንዚዛ ይህን ያህል ጊዜና ትዕግሥት ሰጥተን ለሰው ልጅ ግን በአንድ ቃል የምንፈርድ ከሆነ፣ ሚዛናችን መታየት አለበት።

በበኩሌ እንዲህ ብዬ ደምድሜአለሁ። ቅንጬ አረም ይነቀል። ሳያብብ፣ እጅን ጠቅልሎ፣ ከነሥሩ ይነቀል፤ በተነቀለበትም ሣር ይዘራበት። የሚነቀለውም ከሜክሲኮ ስለ መጣ ሳይሆን ላም ስለሚያራቁት፣ እህል ስለሚያጠፋ፣ ሰው ስለሚያሳምም ነው። ሰውም ቢሆን የሚጠየቀው በሠራው ነው፤ መልሱም ይደመጥለት። «መጤ» የሚለውን ቃል ግን ከሰው ስም አጠገብ ዳግመኛ ላላነሣው ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። የስድሳ ስምንት ዓመት ምላስ ቶሎ አይታረምም፤ ቢሆንም ያ ሰውዬም በአንድ ቀን አልጨረሰም፤ መንገዱን ዳር ለዳር ይዞ ይነቅላል።

ዘሮቹ ከወረቀቱ ላይ ነበሩ። የልጅ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ስትቆጥር አርባ አንድ ሆኑ።

«አባባ፣ አበባዋ ግን ምን አጠፋች?» አለችኝ።

«ምንም አላጠፋችም። ያለ ቦታዋ አስቀመጧት፣ እርሷም መኖር ታውቅበታለች። ግን ከተውናት ሌላው መኖር አይችልም።»

ጥቂት አሰበችና «ታዲያ እንዳናስቀይማት 'ይቅርታ' ብለን እናቃጥላት» አለች። ጀበናው ከተጣደበት የከሰል ምድጃ አጠገብ ሄድን። ወረቀቱን አጠፍኩና «ይቅርታ» አልኩ፤ እርሷም አለች። አርባ አንዱም ከከሰሉ ላይ ጠጠጠ እያሉ ነደዱ። ከዚያ ወለሉን ተንበርክከን የወደቀ እንዳለ ፈለግን። አንድ አገኘን።